ባንክ በስህተት ባለዕዳ ብሎ ከመዘገባችሁ እንዴት እንደምታስተካክሉት (ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለወልድያና ለአካባቢው ሰው)

ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ ነጋዴ ወዳጆቼ ይሄን ነገር እየደጋገሙ ስለሚጠይቁኝ አንዴ በዝርዝር ልጻፈው። ሰውየው ብድር ሊጠይቅ ባንክ ይሄዳል፣ ካርታው አለ፣ ንግድ ፈቃዱ ታድሷል፣ ግብሩ ተከፍሏል፣ ከዛ የብድር ሠራተኛው ኮምፒውተሩን አየት ያደርግና «ሌላ ቦታ ያልተከፈለ ብድር አለብዎት» ይለዋል። እሱ ግን ወይ ከፍሎ ከጨረሰ ቆይቷል ወይ ጭራሽ እዛ ባንክ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ግማሹ ሠራተኛው ላይ ይጮሃል፣ ግማሹ ሰው ሰማብኝ ብሎ አፍሮ ይወጣል፣ ሁለቱም ምንም አይፈይድም። አብሽሩ፣ ስህተት ከሆነ ይስተካከላል። ግን የሚስተካከለው በወረቀት ነው፣ የሚያስተካክለው ደሞ ስህተቱን የጻፈው አበዳሪ ራሱ ነው።

መረጃው ከየት ነው የሚመጣው

ብሔራዊ ባንክ ውስጥ የብድር መረጃ ማዕከል የሚባል የመረጃ ቋት አለ፣ ባንክ ቤት ያሉ ሰዎች ሲአርቢ ነው የሚሉት። መመሪያው በፈረንጆች 2012 የወጣው ሲአርቢ/01/2012 ነው፣ በ2019 ደሞ ሲአርቢ/02/2019 የሚባል ወጣ። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች የእያንዳንዱን ተበዳሪ መረጃ ወደዛ ይልካሉ፣ ምን ያህል ወሰደ፣ ምን ያህል ቀረው፣ በሰዓቱ እየከፈለ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን። እናንተ አዲስ ብድር ስትጠይቁ ባንኩ በቲን (በግብር ከፋይ መለያ) ቁጥራችሁ ይፈልግና ሌላው ስለናንተ የላከውን ያያል።

ይሄን ማወቁ የሚጠቅመው የት መሄድ እንዳለባችሁ ስለሚነግራችሁ ነው። ብድር የከለከላችሁ ባንክ ያየውን ነው የነገራችሁ፣ እሱ ጋ ብትጨቃጨቁ የሌላውን ባንክ መረጃ ሊነካው አይችልም። ብሔራዊ ባንክም የተላከለትን ነው የሚያስቀምጠው። ቁልፉ ያለው መረጃውን የላከው ተቋም ጋ ነው።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ደረጃዎቹን ነው። ባንኮች ብድርን በዘገየበት ቀን ይመድቡታል። እስከ 30 ቀን መዘግየት ጤነኛ ነው የሚባለው፣ ከዛ እስከ 90 ቀን ልዩ ክትትል ውስጥ ይገባል፣ 90 ቀን ካለፈ የተበላሸ ብድር ይባላል፣ ኤንፒኤል የሚሉት እሱን ነው። ከ180 ቀን በላይ አጠራጣሪ፣ ከ360 ቀን በላይ ደሞ እንደጠፋ ይቆጠራል። ስለዚህ ሠራተኛው «ኤንፒኤል ነህ» ሲላችሁ አበዳሪው ቢያንስ 90 ቀን ዘግይቷል ብሎ ጽፏል ማለት ነው፣ ብሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ። ብዙ ሰው «በ300 ብር እንዴት ብድር እከለከላለሁ» ብሎ ይገረማል፣ እኔም አዝናለሁ፣ ግን ደረጃውን የሚወስነው የቀኑ ብዛት ነው።

አንደኛ፣ የተባላችሁትን በትክክል ጻፉት

ብድር የከለከላችሁ ባንክ ውስጥ እያላችሁ፣ ሳትወጡ፣ በጨዋ ደንብ እነዚህን ጠይቁ። የትኛው አበዳሪ ነው የመዘገበው፣ የየትኛው ቅርንጫፍ ብድር ነው፣ የተወሰደበት ቀን መቼ ነው፣ ዋናው ብድር ስንት ነበር፣ አሁን ቀረ የተባለው ስንት ነው፣ ደረጃው ምንድነው፣ በማን ስምና በየትኛው ቲን ነው የተመዘገበው። ሠራተኛው ወረቀቱን ላይሰጣችሁ ይችላል፣ ግድ የለም፣ እሱ እያነበበ እናንተ ጻፉ። «እባክህ ወንድሜ አበዳሪው ጋ ሄጄ እንዳስተካክል ነው» ካላችሁት የሚከለክላችሁ ሰው ብዙም የለም፣ የወሎ ሰው መቼም በመልካም አፍ ለለመነው አይጨክንም። ለብድር ጥያቄያችሁ የተሰጠው መልስ «አልተፈቀደም» ከሆነ ደሞ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ማመልከቻ አስገቡ፣ በኋላ ጉዳት ደረሰብኝ ለማለት ያ ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

ቲን ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ አመሳክሩት፣ 10 አሃዝ ነው። ከናንተ ጋር በአንድ አሃዝ ከተለየ ነገሩ እዛው ግማሹ ተፈታ።

ሁለተኛ፣ የትኛው ዓይነት ስህተት እንደሆነ ለዩ

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብላችሁ አስቡ ምክንያቱም መፍትሔው እንደ ስህተቱ ዓይነት ይለያያል።

የስም መመሳሰል። እኛ ጋ ይሄ የተለመደ ነው። ሰይድ አሊ መሐመድ የሚባል ሰው ደሴ ውስጥ ብቻ ስንት አለ? መሐመድን ደሞ በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በአንድ «ኤም» አንዱ በሁለት ይጽፈዋል፣ ሁሴንም አህመድም እንደዛው። መታወቂያ ላይ አንድ ዓይነት፣ ቲን ላይ ሌላ፣ የብድር ውል ላይ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ የሌላ ሰው ዕዳ እናንተ ጋ ሊለጠፍ ይችላል። መፍትሔው የአያት ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶና ፋይዳ ቁጥር ይዞ ብድሩን የወሰደው ሰው ፋይል ጋር ማስተያየት ነው። ፋይሉ ውስጥ የተበዳሪው ፎቶና ፊርማ አለ፣ «ፋይሉ ወጥቶ ፊርማው ከኔ ጋር ይተያይልኝ» በሉ።

ቀሪ ሳንቲም። ብድሩን ጨርሳችሁ ከፍላችሁ ሄዳችኋል፣ ግን የመጨረሻዋን ክፍያ ያሰላችሁት በሠንጠረዡ ላይ ባለው ቀን ነበር፣ እናንተ የከፈላችሁት ደሞ ከዛ ትንሽ ቀናት ቆይቶ ነው፣ በመሃል ወለድ ቆጥሯል። ያቺ ቀሪ ወለድ ሳትዘጋ ቀርታ ቅጣት እየወለደች ትኖራለች፣ ማንም ደውሎ አይነግራችሁም፣ ከዓመት በኋላ የተበላሸ ብድር ሆና ትመጣለች። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር፣ ቀሪው በውሉ መሠረት በትክክል የቆጠረ ወለድ ከሆነ «ስህተት ነው» ብሎ መከራከር አያዋጣም። የምትከራከሩት «ጨርሰሃል ብላችሁ አሰናብታችሁኛል፣ ቀሪ እንዳለም አላሳወቃችሁኝም» በሚለው ነው። ቅጣቱ እንዲነሳና ደረጃው እንዲስተካከል ጠይቁ፣ ዋናዋን ቀሪ ደሞ ክፈሏት።

ዋስ የሆናችሁበት ብድር። ለወንድማችሁ ወይ ለጎረቤት ዋስ ሆናችሁ ፈርማችኋል፣ አበዳሪው እናንተን ተበዳሪ አድርጎ መዝግቧችኋል። የዋስትና ውሉን አውጡና ምን ብላችሁ እንደፈረማችሁ እዩ። በቡድን ዋስትና የተወሰደ ብድር ከሆነ ደሞ ሁላችሁም አንድ ላይ ነው የምትጠየቁት፣ ስለዚህ ከመከራከራችሁ በፊት ውሉን አንብቡት።

የቀን መደባለቅ። የባንክ ሲስተም በፈረንጅ ቀን ነው የሚሠራው፣ እኛ ደረሰኛችን ላይ የምንጽፈው በኛ ቀን ነው። ሐምሌ 3 ቀን 2015 የተከፈለን ሰው 03/11/2015 ብሎ ቢጽፈው በፈረንጅ ኖቬምበር 3 ቀን 2015 ይሆናል፣ ትክክለኛው ግን ጁላይ 10 ቀን 2023 ነበር። የመክፈያ ቀን ወይ የብድር ማብቂያ ቀን በዚህ መንገድ ከተሳሳተ ሲስተሙ ለዓመታት እንደዘገያችሁ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። የማይገባ የዘገየ ቀን ብዛት ካያችሁ መጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ።

ገንዘቡ ሌላ ሒሳብ ገብቶ መቅረት። ይሄን በቅርብ ስላየሁት ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። አክስቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ከአንድ ተቋም ወስዳ በየወሩ እየከፈለች የጨረሰችው ብድር ነበር። ሌላ ባንክ ሄዳ ስትጠይቅ የተበላሸ ብድር አለብሽ ተባለች። ደረሰኞቿን በሙሉ በፌስታል ይዛ መጣችልኝ፣ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ደረደርናቸው። ሁሉም ላይ የሒሳብ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ሁለቱ ላይ ብቻ ይለያል። ሁለቱ ላይ ገንዘብ ተቀባዩ የጻፈው የብድር ሒሳቧን ሳይሆን የቁጠባ ሒሳቧን ቁጥር ነው። ብሩ ቁጠባዋ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ብድሩ ደሞ ሁለት ወር አልተከፈለም ተብሎ ቅጣት ይቆጥራል። ደረሰኙ ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ብሩም የሷ ነው፣ ማንም አልሰረቀም፣ ግን ቁጥሯ የተሳሳተች አንድ ሣጥን ሴትዮዋን ባለዕዳ አደረገቻት። ስለዚህ ደረሰኛችሁን ስታዩ የብር መጠኑንና ማህተሙን ብቻ አትዩ፣ የሒሳብ ቁጥሩን እያንዳንዱ ላይ አመሳክሩ። እዚህ ጉዳይ ላይ የጠየቅነው ብሩ ወደ ብድሩ እንዲዛወር ብቻ አልነበረም፣ «በከፈለችበት ቀን እንደተከፈለ ታስቦ ይመዝገብ» የሚል ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዛሬ ብቻ ቢዛወር መዝገቡ ዘግይታ ከፈለች ይላል፣ በከፈለችበት ቀን ከታሰበ ግን ቅጣቱም የዘገየችበት ቀንም ይጠፋል። ይቺን ሐረግ ደብዳቤያችሁ ላይ አትርሷት።

እውነት ዘግይታችሁ ከነበረ ግን ያ ስህተት አይደለም። ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላም «አልተከፈለም» እያለ ከቀጠለ ስህተቱ እሱ ነው፣ «ተከፍሎ ተዘግቷል» ተብሎ እንዲታደስ ጠይቁ። የነበረው መዘግየት እንዲሰረዝ ብትጠይቁ ግን ሌላውን እውነተኛ ጥያቄያችሁንም ያዳክምባችኋል።

ሦስተኛ፣ ወረቀት ሰብስቡ

የብድር ውሉ፣ የመክፈያ ሠንጠረዡ፣ ደረሰኞቹ በሙሉ፣ ጨርሳችሁ ከነበረ ክሊራንሱ (ዕዳ የለበትም የሚለው ወረቀት)፣ መታወቂያና ፋይዳ፣ የቲን ምስክር ወረቀት፣ በሞባይል የከፈላችሁ ከሆነ የግብይት ቁጥሩ ያለበት መልእክት ፕሪንት። ስልክ ሲቀየር መልእክቱ ይጠፋል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንስታችሁ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት። የቁጠባ ደብተር ያላችሁ ሰዎች ደብተሩን በምንም ተአምር አትጣሉ። አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ፀደይ ባንክ ሆኗል፣ ድሮ ከአብቁተ ተበድራችሁ የነበራችሁ ሰዎች የዛን ዘመን ደብተርና ደረሰኝ አስቀምጡ፣ የቆየ ጉዳይ ሲነሳ በእጃችሁ ያለው እሱ ነው።

ከዛ አበዳሪው ጋ ሄዳችሁ የብድር ሒሳባችሁን ሙሉ ስቴትመንት ከመጀመሪያ ቀን እስከዛሬ ጠይቁ። የመጨረሻ ቀሪውን ብቻ የሚያሳይ ወረቀት አትቀበሉ። ቤት ወስዳችሁ ረጋ ብላችሁ፣ ስቴትመንቱን በአንድ በኩል ደረሰኞቹን በሌላ በኩል አድርጋችሁ እያንዳንዱን ክፍያ ራይት እያደረጋችሁ ሂዱ። ራይት የማይደረግላት ደረሰኝ ስታገኙ ስህተቱን አገኛችሁት። በአንድ ገጽ ላይ ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ብር፣ ስቴትመንት ላይ አለ/የለም ብላችሁ አስቀምጡ፣ የባንኩ ሰው ያቺን ገጽ ነው የሚያየው እንጂ ፌስታሉን አይደለም።

የጦርነቱ ጊዜ ጉዳይ

እኛ ጋ ይሄን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ቆቦ ደሞ እንደገና ነሐሴ 2014 ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ባንክ ዝግ ነበር፣ ሰው ተሰዷል፣ ሱቅ ተዘርፏል፣ ፋይል የተቃጠለበትም ቅርንጫፍ አለ። የዘገያችሁበት ቀን ከዛ ጊዜ ጋር የሚገጥም ከሆነ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ ብድራችሁ በኋላ የመክፈያ ጊዜው ተራዝሞ ወይ ተስተካክሎ ከነበረ የፈረማችሁትን የማስተካከያ ውል ፈልጉ፣ አዲስ ሠንጠረዥ ተሰጥቷችሁ ሲስተሙ ግን በድሮው እየቆጠረ ከሆነ ይሄ ግልጽ ስህተት ነው። ሁለተኛ ቅርንጫፉ ከመቼ እስከ መቼ ተዘግቶ እንደነበር በጽሑፍ እንዲገልጹላችሁ ጠይቁ፣ ሱቃችሁ ተጎድቶ ከነበረም በወቅቱ ከቀበሌ ወይ ከንግድ ጽሕፈት ቤት ያገኛችሁት የጉዳት ማስረጃ ካለ አያይዙት።

«ፋይልህ ጠፍቷል» ካሏችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የወረቀት ፋይል ቢጠፋ የሲስተም መረጃ ዋናው መሥሪያ ቤት አለ፣ ስቴትመንቱ ከዛ ይወጣል። የወረቀቱ ኮፒ በናንተ እጅ ብቻ ካለ ደሞ ኦሪጅናሉን ለማንም አትስጡ፣ እያሳያችሁ ኮፒውን ብቻ አስረክቡ።

አራተኛ፣ ደብዳቤ አስገቡ

በቃል የተነገረ ቅሬታ አልተነገረም ማለት ነው። ማናጀሩ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፣ «አያ እኔ አስተካክለዋለሁ ሂድ» ሊላችሁ ይችላል፣ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል፣ አዲሱ ምንም አያውቅም። ስለዚህ አመስግኑትና ደብዳቤውን አስገቡ። እንዲህ ዓይነት ይበቃል፦

ቀን ________
ለ ________ ባንክ ________ ቅርንጫፍ
ደሴ

ጉዳዩ፦ በብድር መረጃዬ ላይ በስህተት የተመዘገበ ዕዳ እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ________ የቲን ቁጥሬ ________ የፋይዳ ቁጥሬ ________ የሆንኩ፣ ከቅርንጫፋችሁ በቀን ________ በብድር ሒሳብ ቁጥር ________ ብር ________ ተበድሬ በቀን ________ ከፍዬ ያጠናቀቅኩ ሲሆን፣ በቀን ________ ከሌላ ባንክ ብድር ስጠይቅ ብር ________ ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለብኝ ተቋማችሁ ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ማሳወቁ ተገልጾልኛል። ሆኖም ይህ መረጃ ስህተት ነው። ምክንያቱም ________ (እዚህ ላይ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ)።

ስለዚህ፦ 1ኛ. ክፍያው በከፈልኩበት ቀን ታስቦ እንዲመዘገብልኝ፣ 2ኛ. በስህተት የታሰበው ወለድና ቅጣት እንዲሰረዝልኝ፣ 3ኛ. ለብድር መረጃ ማዕከሉ የተላከው መረጃ ተስተካክሎ እንዲላክልኝ፣ 4ኛ. መስተካከሉን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ፣ ይህ ደብዳቤ ገቢ ከሆነበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ___ ገጽ ማስረጃ አያይዣለሁ።

ከሠላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

ግልባጭ፦ ለባንኩ ዲስትሪክት ጽሕፈት ቤት፣ ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል፣ አዲስ አበባ

እዛ ያለው 15 ቀን እናንተ የምታስቀምጡት ነው፣ ዋናው ቀን መኖሩ ነው። ያልተበደራችሁ ከሆነ «ተበድሬ ከፍዬ» የሚለውን አውጥታችሁ «ከተቋማችሁ ምንም ዓይነት ብድር ወስጄ አላውቅም» በሉ፣ ጥያቄውንም «በስሜ የተመዘገበው እንዲሰረዝ» አድርጉት።

በሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ይወስዳሉ፣ በናንተው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ ማህተምና የተቀበለው ሰው ፊርማ እንዲያደርጉበት ሳታስደርጉ ከበሩ አትውጡ። ማህተም እንቢ ካሏችሁ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በሪኮማንዴ ላኩት፣ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ይመሰክርላችኋል።

እንዲህ የሚሏችሁ ነገር ሊኖር ይችላል፦ «ትንሽ ብር ናት፣ ዝም ብለህ ክፈላትና እንዝጋልህ»። ብድሩ አስቸኳይ ስለሆነ ሰው ይከፍላል፣ ይገባኛል። ግን የማይገባችሁን ከከፈላችሁ ዕዳው የናንተ እንደነበር ያመናችሁ ይመስላል፣ መዝገቡም «ዘግይቶ ከፈለ» ብሎ ይቀራል። የግድ መክፈል ካለባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት «ቅሬታዬ እንደተጠበቀ ሆኖ የከፈልኩት ነው» የሚል ደብዳቤ አስገብታችሁ ገቢ አስደርጋችሁ ክፈሉ። በቃል የተስማማችሁት «ስትከፍል መረጃውን እናነሳዋለን» ከሆነም መጀመሪያ በጽሑፍ ይስጧችሁ፣ ከዛ ክፈሉ።

አምስተኛ፣ መልስ ካልመጣ ወደ ላይ

ያስቀመጣችሁት ቀን ሲያልፍ ቅርንጫፉ በር ላይ አትቁሙ። ብዙ ባንኮች ደሴ ላይ ዲስትሪክት አላቸው፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ኮፒ አያይዛችሁ ለዲስትሪክቱ ጻፉ፣ ወዲያው ደሞ ለዋናው መሥሪያ ቤት። ከመካነ ሰላም ወይ ከላሊበላ ደሴ ድረስ መመላለስ ለሚከብዳችሁ በፖስታና በኢሜይል መላክ ይቻላል፣ ኢሜይል ከላካችሁ ደብዳቤው ፊርማ ያለበት ስካን ይሁን።

ባንኩ ካልመለሰ ወይ የማያሳምን መልስ ከሰጠ ወደ ብሔራዊ ባንክ ነው። በፈረንጆች 2020 የወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ኤፍሲፒ/01/2020 ባንኮች ቅሬታ የሚቀበሉበትና የሚፈቱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል፣ ብሔራዊ ባንክም ይሄን የሚከታተል የሥራ ክፍል አለው። መጀመሪያ ለባንኩ አመልክታችሁ እንደነበር የሚያሳየው ገቢ የተደረገበት ኮፒ እዚህ ነው ዋጋው የሚታየው፣ ያለሱ ከሄዳችሁ «መጀመሪያ ባንክህን ጠይቅ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። አንድ ገጽ ማመልከቻ፣ ያቺ የክፍያ ማነጻጸሪያ ገጽ፣ የባንኩ መልስ ካለ እሱ፣ ይሄው ነው፣ መጽሐፍ አታድርጉት።

ሌላ የምትጠቅሱት ሕግ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ስለናንተ የተያዘ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ደብዳቤያችሁ ላይ የአዋጁን ቁጥር ስትጠቅሱ ጉዳዩ ከብድር ክፍል ወደ ሕግ ክፍል ሊሄድ ይችላል፣ የሕግ ክፍል ደሞ መልስ ሳይሰጥ ማሳደር አይወድም።

ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው፣ ጊዜም ብርም ይወስዳል። ግን አንድ ሁኔታ ላይ አትጠብቁ። በዚህ የተሳሳተ ዕዳ ምክንያት መያዣችሁን እሸጣለሁ የሚል ማስጠንቀቂያ ከደረሳችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣ መሸጥ ይችላል፣ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። 30 ቀን በጣም አጭር ነው። የዛኑ ዕለት ጠበቃ ጋ ሂዱ። አቅም ለሌላችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ።

ያልወሰዳችሁት ብድር ከሆነ

በስማችሁ ሌላ ሰው ተበድሮ ከሆነ ይሄ ወንጀል ነው፣ አካሄዱ ይለያል። መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ አመልክታችሁ የማመልከታችሁን ማስረጃ ውሰዱ፣ እሱን አያይዛችሁ ለባንኩ ጻፉ። በስልክ የሚወሰዱ ብድሮች ላይ በተለይ ተጠንቀቁ፣ ቴሌብር ላይ መላ፣ እንደኪሴ የሚባሉት ከፈረንጆች 2022 ጀምሮ አሉ፣ ስልኩና የሚስጥር ቁጥሩ ያለው ሰው በናንተ ስም መውሰድ ይችላል። ብዙ ጊዜ ወስዶ የሚገኘው የቤተሰብ ልጅ ወይ ሱቅ ውስጥ የሚረዳ ሰው ነው፣ ስለዚህ ባንክን ከመክሰሳችሁ በፊት ቤታችሁን ጠይቁ። የጠፋ ሲም ካርድ ካለም ቶሎ አዘጉት።

ባለትዳሮች ደሞ ልብ በሉ፣ ብዙ አበዳሪዎች የባልም የሚስትም መረጃ ነው የሚያዩት፣ ባል ላይ በስህተት የተጻፈ ሚስትንም ያስከለክላል። እዚህ ላይ ማስተካከያውን የሚጠይቀው በስሙ የተመዘገበበት ሰው ራሱ ነው፣ ውጭ አገር ካለ ውክልና ይላክ።

ስድስተኛ፣ መስተካከሉን ሳታዩ አትመኑ

«ተስተካክሏል» የሚል የቃል መልስ ይመጣል። ደስ ይላል፣ ግን ባንኩ የራሱን ሒሳብ አስተካክሎ ለብድር መረጃ ማዕከሉ አዲሱን ሳይልክ ሊቀር ይችላል፣ ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው። ስለዚህ የእርማት ደብዳቤውን ስትቀበሉ «ለማዕከሉ ተስተካክሎ በዚህ ቀን ተልኳል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳለበት አንብቡ፣ ስማችሁና ቲን ቁጥራችሁ በትክክል መጻፉን እዩ። ከዛ ሰንበትበት ብላችሁ ብድር ወደከለከላችሁ ባንክ ተመለሱና ያው ሠራተኛ እንደገና እንዲያይላችሁ ጠይቁት። ንጹህ ሆኖ ከታየው ነው ያለቀው።

መያዣ ካላችሁ ደሞ አንድ የቀረ ሥራ አለ። ብድሩ ሲዘጋ ካርታው ላይ ያለው እግድ በራሱ አይነሳም። ባንኩ ለማዘጋጃ ቤት የእግድ ማንሻ ደብዳቤ ይጻፍ፣ መኪና ከሆነ ለመንገድ ትራንስፖርት። ደብዳቤው መሄዱን ብቻ ሳይሆን መዝገቡ ላይ እግዱ መነሳቱን ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ፣ ካርታውን ወይ ሊብሬውን በእጃችሁ ተቀበሉ። የእርማት ደብዳቤውን ኦሪጅናል ከካርታው ጋር አስቀምጡት፣ አዲስ ብድር ስትጠይቁ ኮፒውን ከማመልከቻው ጋር አያይዙት።